«ቪዛ አያስፈልግም» ሲባል፦ የኦንላይን የጉዞ ፈቃድና አሮጌው ሕይወታችን

ባለፈው ዓመት ኦገስት ላይ የአጎቴ ልጅ ለንደን ውስጥ ተሞሸረች። (እዚህ ያሉት ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሠርጉ ሦስት ወር ሲቀረው፣ እንደተለመደው፣ የዋትስአፕ ግሩፕ ተከፈተ። መጀመሪያ ወሬው ስለ ቀሚሱ ጥለትና «ጠጁን ማን ይጥላል?» ስለሚለው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን ግሩፑ የኤምባሲ ደጃፍ መሰለ። «ለእኔ ቪዛ ያስፈልገኛል?» «አንተ እንዴት አገኘህ?» «ባንክ ስቴትመንት የስንት ወር ነው?»

እኔ የምኖረው ስቶክሆልም ነው፤ ማስተርሴን የሠራሁትም እዚሁ ነው። ዛሬ የስዊድን ፓስፖርት አለኝ። ስልኬ ላይ የእንግሊዝን መንግሥት አፕ ከፈትኩ፣ ፓስፖርቴን ስካን አደረግኩ፣ ፊቴን ፎቶ አነሳሁ፣ 16 ፓውንድ ከፈልኩ። ቡናዬ ሳይበርድ ፈቃዱ በኢሜይል ደረሰኝ። ሜሪላንድ ያለችው አክስቴ ግሪን ካርድ አላት፣ ፓስፖርቷ ግን የኢትዮጵያ ነው። ስለዚህ ሙሉ የቪዛ ማመልከቻ፣ አሻራ፣ የሥራ ደብዳቤ። ፍራንክፈርት ያለችው የሙሽራዋ የልጅነት ጓደኛ ደግሞ የምትጓዘው በሰማያዊዋ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ነው። ጀርመን ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርታ፣ ግብር ከፍላ፣ እሷም ቪዛ። ዱባይ የሚሠራው ያክስቴ ልጅ የኤምሬትስ መኖሪያ ፈቃድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ሞከረ፤ አልተሳካለትም። ሠርጉን በቪዲዮ ነው የተከታተለው።

አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ሠርግ፣ አራት ዓይነት በር። የእኔ በር ደግሞ ከሁሉም ስለሚቀል «እኛማ አለፍን» የሚል ስሜት ውስጥ ይከታል። እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። በዚያው ሰሞን የሥራ ባልደረባዬ ላይ የደረሰውን እስካይ ድረስ።

እሱ ጋ ከመድረሴ በፊት ነገሩ ከየት እንደመጣ ባጭሩ ልበል። ያለ ቪዛ መጓዝ ማለት ድሮ ፓስፖርት ይዞ አውሮፕላን መሳፈር ማለት ነበር። ይህን የቀየረችው አሜሪካ ናት። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ በ2007 የወጣው ሕግ፣ ከቪዛ ነፃ የሆኑ አገሮች ዜጎች ሳይቀሩ ከመብረራቸው በፊት በኦንላይን እንዲጠይቁ አዘዘ። ኤስታ የሚባለው ይኸው ነው፤ ከጃንዋሪ 2009 ጀምሮ ግዴታ ሆነ። መጀመሪያ በነፃ ነበር። በ2010 14 ዶላር ሆነ። ከዚያ ውስጥ 10 ዶላሩ የሚሄደው አሜሪካን ለቱሪስት ለማስተዋወቅ ነበር፤ ማለትም እንግዳው ራሱ የመጥሪያ ካርዱን ማሳተሚያ ይከፍል ነበር። በ2022 21 ዶላር፣ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ጀምሮ 40 ዶላር ደረሰ።

ሌሎቹም ተከተሉ። ካናዳ በ2016 የራሷን ጀመረች፤ 7 የካናዳ ዶላር። እንግሊዝ ኢቲኤ የሚባለውን በኖቬምበር 2023 በኳታር ዜጎች ጀምራ፣ በጃንዋሪ 2025 አሜሪካውያንን፣ ኤፕሪል 2 ቀን 2025 ደግሞ እኛን አውሮፓ ያለነውን አስገባች። ከፌብሩዋሪ 25 ቀን 2026 ወዲህ ያለ ፈቃዱ አውሮፕላን ላይ መሳፈር እንደማይቻል አስታውቃለች። እስራኤል ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በ25 ሼክል ትጠይቃለች፤ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ፓስፖርት ለፋሲካ ኢየሩሳሌም የምትሳለሙ ልብ በሉ። የአውሮፓው ኢቲያስ ደግሞ ስንት ጊዜ ሲራዘም ከርሞ ለ2026 መጨረሻ ሩብ ዓመት ተቀጥሯል። ዋጋው 7 ዩሮ ይሆናል ሲባል ቆይቶ 20 ዩሮ ሆነ፤ ከ18 ዓመት በታችና ከ70 ዓመት በላይ የሆነ አይከፍልም። አሜሪካ፣ ካናዳና እንግሊዝ ያላችሁ፣ ዜግነት ከወሰዳችሁ፣ ወደ ሮም ወይም ፓሪስ ስትመጡ የሚመለከታችሁ እሱ ነው።

ገንዘቡ ብዙ አይደለም። በ16 ፓውንዱ ዋጋ አምስት ሆኖ ለንደን የሄደ ቤተሰብ 80 ፓውንድ ከፍሏል፤ ሕፃኑም ይቆጠራል። ያበሳጫል እንጂ ከጉዞ አያስቀርም። እውነተኛው ለውጥ ሌላ ቦታ ነው።

በሙያዬ ሶፍትዌር እጽፋለሁ፤ ስለዚህ ነገሩን በዚያ በኩል ላሳያችሁ። ቼክ-ኢን ላይ ሠራተኛዋ ፓስፖርታችሁን ማሽኑ ላይ ስታሳልፍ መረጃው ወደምትሄዱበት አገር መንግሥት ሲስተም ይሄዳል። በሰከንዶች ውስጥ መልስ ይመጣል፦ ይሳፈር፣ አይሳፈር። «አይሳፈር» ካለ ሠራተኛዋ ምንም ማድረግ አትችልም። ብትለምኗትም፣ ብትቆጧትም፣ የሠርጉን መጥሪያ ብታሳዩአትም። አየር መንገዱ ፈቃድ የሌለው ሰው ካሳፈረ ይቀጣል፤ ሰውየውንም በራሱ ወጪ ይመልሳል። ድንበሩ ሂትሮ ወይም ዱለስ ላይ መሆኑ ቀርቶ አርላንዳ ቼክ-ኢን ላይ፣ ከዚያም አልፎ የዛሬ ሳምንት ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ በነካችሁት ስልክ ላይ ሆኗል።

በኤምባሲው ዘመን ፎርሙ ቢሳሳት መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ክፉም ሆነ ደግ፣ ሰው ነበር። አሁን ጸሐፊውም፣ አስተርጓሚውም፣ አራሚውም እኛው ነን። ስህተቱ ደግሞ ስህተት ተብሎ አይታለፍም፤ «ሐሰተኛ መረጃ ሰጥቷል» ሊባል ይችላል። እና ፎርሙ የተሠራው አንድ ስም፣ አንድ ዜግነትና አንድ የልደት ቀን ይዞ ለኖረ ሰው ነው። ከእኛ ውስጥ ስንቱ እንደዚያ ኖሯል?

ስም እንውሰድ። ብዙዎቻችን ዜግነት ስንወስድ «የቤተሰብ ስም» ተብሎ የአባታችን ወይም የአያታችን ስም ተለጥፎብናል። በአሮጌው ፓስፖርት ላይ የነበረው የእንግሊዝኛ አጻጻፍና በአዲሱ ያለው አይገጥምም፤ አንዱ «ጸ»ን በአንድ መንገድ ጽፎት ሌላው በሌላ። ኤስታ «በሌላ ስም ትታወቃለህ?» ብሎ ይጠይቃል። አጎቴ ይህን ሲያይ «እኔ ወንጀለኛ ነኝ እንዴ፣ የምን ሌላ ስም?» አለኝ። ግን መልሱ «አዎ» ነው። በቀድሞ ፓስፖርትህ ላይ የነበረው ስም ሌላ ስም ነው። የልደት ቀንም እንዲሁ። ሲቀየር የስምንት ዓመቱ ልዩነት ታስቦ ወሩና ቀኑ የተረሳ፣ ወይም በጅምላ ጃንዋሪ 1 የተባለ ስንት ሰው አለ።

ከዚያ ዜግነት። ፎርሙ «አሁን የሌላ አገር ዜጋ ነህ?» እና «ከዚህ በፊት ነበርክ?» ብሎ ለየብቻ ይጠይቃል። በ2003 የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ጥምር ዜግነትን አይቀበልም፤ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያውን እንደተወ ይቆጠራል። ስለዚህ ኢትዮጵያ ተወልዶ ስዊድናዊ ለሆነ ሰው የመጀመሪያው መልስ «አይደለሁም»፣ የሁለተኛው «ነበርኩ» ነው። ቢጫ ካርድ መያዝ ይህን አይለውጠውም፤ ቢጫ ካርድ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ እንጂ ዜግነት አይደለም። ቀላል ይመስላል። ግን ልብ «ኢትዮጵያዊ ነኝ» እያለ ጣት «ነበርኩ» የሚለውን ሲጫን ምን እንደሚሰማ የሞላ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ባልደረባዬ ልመለስ። እሱም አበሻ ነው፤ በ2013 የስዊድን ዜግነት አገኘ። መሥሪያ ቤታችን ለአንድ ሳምንት ስብሰባ አሜሪካ ሊልከን ነበር። ትኬት ተቆርጧል፣ ሆቴል ተይዟል። ከመብረራችን አምስት ቀን በፊት በምሳ ሰዓት አብረን ኤስታ መሙላት ጀመርን። የእኔ አለቀ። እሱ ግን አንድ ጥያቄ ላይ ቆመ። ጥያቄው ከማርች 1 ቀን 2011 ወዲህ ኢራን፣ ኢራቅ፣ ሊቢያ፣ ሰሜን ኮሪያ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳን፣ ሶሪያ ወይም የመን ተገኝተህ ታውቃለህ የሚል ነው።

«ካርቱም ሄጃለሁ» አለኝ። እህቱ ካርቱም ስትኖር በ2014 የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። እናታቸው በሕይወት ስላልነበረች ሊያርሳት የሄደው እሱ ነው። አሥራ ሁለት ቀን። አጥሚት ማማሰል የተማረው እዚያ እንደሆነ ከዚያ በፊትም ሲቀልድ ሰምቼዋለሁ።

እውነቱን ልናገር። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ማን ያውቃል፣ አይ በል» የሚል ነበር። እሱ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ አየኝ። «ፓስፖርቱ ላይ ማህተም አለ፣ ትኬቱ አለ። ደግሞስ ለምን እዋሻለሁ? እህቴን ለማረስ ነው የሄድኩት» አለኝ። «አዎ» የሚለውን ነካ፣ ምክንያቱን ጻፈ፣ ላከ። በማግስቱ ጠዋት መልሱ መጣ፦ ጉዞው አልተፈቀደም። ለምን እንደሆነ የሚገልጽ መስመር የለውም። ይግባኝ የሚባልበትም ቦታ የለም። ያለው አማራጭ አንድ ነው፤ ኤምባሲ ሄዶ መደበኛ ቪዛ መጠየቅ።

ይህ የአንድ ሰው ዕድለ ቢስነት አይደለም፤ ሕጉ ራሱ እንዲህ ይላል። በኖቬምበር 2015 ፓሪስ ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት ያሰበው ሶሪያና ኢራቅ ሄደው የተዋጉ የአውሮፓ ፓስፖርት ያላቸው ሰዎች በኤስታ እንዳይገቡ ነበር። በዲሴምበር 2015 በወጣው ሕግ ከሁለቱ ጋር ኢራንና ሱዳን ተጨመሩ። በፌብሩዋሪ 2016 ሊቢያ፣ ሶማሊያና የመን ተከተሉ። በኋላ ሰሜን ኮሪያ ገባች፤ ኩባም ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ወዲህ ለሄደ ሰው ተመሳሳይ ሆነች። አሜሪካ ሱዳንን ከሽብር ደጋፊዎች ዝርዝር በዲሴምበር 2020 አውጥታታለች፤ ከዚህኛው ዝርዝር ግን አልወጣችም።

አሁን ካርታውን አስታውሱት። ሱዳን፣ ሊቢያ፣ ሶማሊያ፣ የመን። ለአንድ የኦስትሪያ ወይም የጃፓን ዜጋ እነዚህ አራቱ አገሮች ዜና ላይ የሚያያቸው ስሞች ናቸው። ለእኛ ጎረቤትና መንገድ ናቸው። በመተማ ወጥቶ ካርቱም ሁለት ዓመት ሻይ ያፈላ፣ ከዚያ በሰሃራ በኩል ትሪፖሊ ገብቶ ባሕር የተሻገረ፣ ዛሬ ማልሞ ወይም ሙኒክ ነርስ የሆነ ስንት ወገን አለ። የቤተሰብ ማገናኘት ጉዳይዋን ካርቱም ሆና የጠበቀች ሚስት አለች። ከጅግጅጋ ሐርጌሳ ለንግድ የተመላለሰ አለ፤ አሜሪካ ሶማሊላንድን እንደ አገር ስለማታውቅ ሐርጌሳም ሶማሊያ ነው። ለአዋጊዎች የተዘረጋው መረብ እነዚህን ሰዎች አብሮ አፈሳቸው። አዲስ ፓስፖርት የያዙት ደግሞ በአብዛኛው እነሱ ናቸው።

ቀኑም ሥራውን ይሠራል። በ1984 እና 1985 በሱዳን በኩል እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን በዚህ አይነኩም፤ ጥያቄው ከ2011 ወዲህ ያለውን ብቻ ስለሆነ። እስራኤል ራሷ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ በኤስታ ውስጥ ስለገባች፣ በልጅነቷ በሱዳን ካምፕ ያለፈች እናት ዛሬ ከአሽዶድ ሆና በስልኳ ሞልታ ኒው ዮርክ ያለ ልጇን መጠየቅ ትችላለች። በ2014 አራስ እህቱን የጠየቀው ግን አይችልም። በሱዳን የስደተኞች ካምፕ የተወለዳችሁም አትደንግጡ፤ የትውልድ አገር የሚለው ላይ ሱዳን ብሎ መሙላት ሱዳናዊ ነኝ ማለት አይደለም።

«ታዲያ እንዋሽ ወይ?» የሚል ጥያቄ በየቡናው ይነሳል፤ እኔም ለአፍታ ብዬዋለሁና ማንንም አልፈርድም። ግን ሒሳቡ አይሠራም። ሱዳን መሄድ የሚያስከትለው ከኤስታ ወጥቶ ቪዛ መጠየቅን ብቻ ነው፤ ቪዛው ሊሰጥ ይችላል፣ ለብዙዎችም ተሰጥቷል። በፎርሙ ላይ አውቆ መዋሸት ግን በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ዕድሜ ልክ ከመግባት ሊያግድ ይችላል። ነገ አሜሪካዊት ልታገባ፣ ዲቪ ሊደርስህ፣ ድርጅትህ ሊያዛውርህ ይችላል። ያን ጊዜ ያቺ አንዲት «አይ» ከፋይል ውስጥ ትወጣለች። የሚያዋጣው በጊዜ መነሳት ነው፤ የኤምባሲ ቀጠሮ ወራት ሊወስድ ስለሚችል፣ ዝርዝሩ ውስጥ ካላችሁ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጀምሩ። መሥሪያ ቤት የሚልካችሁ ከሆነም ለአለቃችሁ ቀደም ብላችሁ ንገሩ። ባልደረባዬን ከስብሰባው መቅረቱ ብዙም አላበሳጨውም። ያበሳጨው ለስዊድናዊ አለቃችን ስለ ካርቱም መጀመሪያ ጀምሮ ማስረዳቱ ነበር። አለቃችን መልካም ሰው ነው፤ ግን የጠየቀው ጥያቄ «ሱዳን ምን ትሠራ ነበር?» የሚል ነበር።

አውሮፓም ከዚህ አይርቅም። ኢቲያስን ያቋቋመው የ2018 ሕግ አመልካቹ ባለፉት አሥር ዓመታት በጦርነት ወይም በግጭት ቀጠና ቆይቶ እንደሆነና ለምን እንደሆነ እንዲጠየቅ ያዛል። ሲያትል የሚኖር አሜሪካዊ ሆኖ የታመመ አባቱን ለመጠየቅ መቀሌ ወይም ጎንደር ወይም ነቀምት የሄደ ሰው ይህን ሲያነብ ምን ይሰማዋል? የምንሄደው ሬሳ ለመቅበር፣ እናት ለመሳም፣ የቤት ካርታ ለማስተካከል ነው። ፎርሙ ውስጥ ያለችው ሣጥን ግን የምትለው «ግጭት ቀጠና፣ ምክንያት» ነው። ለፍትሕ ያህል፣ የአውሮፓው ሕግ ከአሜሪካው በአንድ ነገር ይሻላል፤ ከተከለከልክ ምክንያቱ ይነገርሃል፣ ይግባኝም ማለት ትችላለህ። የእንግሊዙም እንደ አሜሪካው ይግባኝ የለውም፤ ወይ እንደገና ታመለክታለህ ወይ ቪዛ ትጠይቃለህ።

ሌላም እየመጣ ያለ ነገር አለ። በዲሴምበር 2025 የአሜሪካ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት የኤስታ አመልካቾች የአምስት ዓመት የማኅበራዊ ሚዲያ አድራሻቸውን በግዴታ እንዲሰጡ ሐሳብ አቅርቧል። እስከዚያ ድረስ ጥያቄው ከ2016 ጀምሮ በውዴታ ነበር። በፕሮግራመር ዓይን ሲታይ ሥራው ምን እንደሚመስል መገመት ከባድ አይደለም። የአማርኛ ፖስት የሚያነብ ኦፊሰር በየቢሮው አይቀመጥም፤ ማሽን ይተረጉመዋል። የእኛን ቋንቋ ማሽን ሲተረጉመው አይታችሁ ታውቃላችሁ? «በሳቅ ገደልከኝ»፣ «ደሜን አፈላው»፣ «አፈር ስሆን ብላ»፣ ኳስ ስናይ የምንለው «በለው! በለው!»። እንዲህ ያለውን ትርጉም በጦርነቱ ዓመታት ፌስቡክ ላይ ከተጻጻፍነው ጋር ደባልቁት። አንዳችን በሌላችን ላይ የጻፍነው ነገር ለአስተዋይ አንባቢ እንኳ የሚያሳፍር ነው፤ ለማሽን ደግሞ ምን እንደሚመስል አስቡት። የራሴን የድሮ ገጽ መለስ ብዬ ሳነብ እኔም ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ላብ አሰመጠኝ።

እዚህ ላይ ግን ራሴን ልግታ። ስለ ኤስታና ኢቲኤ የማማርረው እኔ፣ በስልኬ የምጠይቀው እኔ፣ አሁንም ከዕድለኞቹ ወገን ነኝ። በኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት፣ ኢትዮጵያ ተመላሽ ዜጎቿን በመቀበል አልተባበረችም ብሎ፣ ለኢትዮጵያውያን የሼንገን ቪዛ መልስ የሚሰጥበትን ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዘመ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጣቸው ወሰነ። በጁላይ 2025 አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን የጎብኚ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያና ለሦስት ወር ብቻ አደረገችው። ማለትም የልጇን ልጅ ለማየት የምትመጣ እናት በየጊዜው እንደ አዲስ ትሰለፋለች፣ እንደ አዲስ 185 ዶላር ትከፍላለች። የእኔ የኤስታ ክፍያ ለሁለት ዓመት ይሠራል፤ ከሶፋዬም አልነሳም።

ጥበቃውን አልቃወምም። ማን እንደሚመጣ ማወቅ የማንም አገር መብት ነው። የማልቀበለው «አይ» ሲባል ለምን እንደሆነ የማይነግር፣ ደውለህ ሰው የማታገኝበት ሲስተም ነው። እኔ በሥራዬ እንደዚህ ያለ ነገር ብሠራ፣ ተጠቃሚው ስህተቱን የማያይበት ፎርም ብለቅ፣ በማግስቱ አለቃዬ ይጠራኛል። የዳያስፖራ ማኅበሮቻችን ከባንዲራና ከምርጫ ሙግት ትንሽ ጊዜ ቢተርፋቸው፣ የሱዳንና የሊቢያን ጉዳይ ለምንኖርባቸው አገሮች የምክር ቤት ተወካዮች ማቅረብ ይችሉ ነበር። የስዊድን ዜጋ በስዊድን ፓስፖርቱ ተከልክሏል፤ ስለዚህ የስዊድንም ጉዳይ ነው። የኢራን ተወላጅ አውሮፓውያንና አሜሪካውያን ሕጉ በወጣ ሰሞን ተቃውሟቸውን በአደባባይ አሰምተዋል። ከእኛ በኩል ግን አንድም ድምፅ የሰማሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

እስከዚያው በየቤታችን የምናስተካክላቸው ነገሮች አሉ። አጎቴ ጎግል ላይ «የእንግሊዝ ፈቃድ» ብሎ ፈልጎ የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ነካ። ገጹ ባንዲራ አለው፣ ማህተም አለው፣ የመንግሥት ግን አይደለም። ለ16 ፓውንዱ ፈቃድ ከ90 ፓውንድ በላይ አስከፈሉት። ፈቃዱ መጥቷል፤ የፓስፖርቱና የባንክ ካርዱ መረጃ ግን ማን ጋ እንደቀረ አናውቅም። የእንግሊዝና የአሜሪካ እውነተኛ ገጾች አድራሻቸው ላይ «ጎቭ» የሚል አላቸው፣ የአውሮፓው «ዩሮፓ ዶት ኢዩ» ላይ ነው። ለወላጆቻችሁ ራሳችሁ ሙሉላቸው፤ ግን አጠገባቸው ተቀምጣችሁ፣ እያንዳንዱን ጥያቄ በአማርኛ እያነበባችሁላቸው። የእናንተን ግምት አትጻፉላቸው፤ ስለ ሱዳን የማታውቁትን ታሪክ ያን ቀን ልትሰሙ ትችላላችሁ። ፓስፖርት ካደሳችሁ ፈቃዱም አብሮ ይሞታል፤ ከአሮጌው ቁጥር ጋር ነው የታሰረው። የእንግሊዝን ዜግነት ከሌላ የአውሮፓ ዜግነት ጋር የያዛችሁ ደግሞ ኢቲኤ አይሰጣችሁም፤ የእንግሊዙን ፓስፖርት ይዛችሁ ተጓዙ።

ባልደረባዬ የኤምባሲ ቀጠሮውን ያገኘው ስብሰባው ካለፈ ከአራት ወር በኋላ ነበር። ቃለ መጠይቁ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ኦፊሰሯ «ካርቱም ለምን ሄድክ?» አለችው፣ ነገራት፣ «ልጁ አሁን ስንት ዓመቱ ነው?» ብላ ጠየቀችው። ቪዛው ተሰጠው።

የሠርጉ ግሩፕ ደግሞ አልተዘጋም። የሙሽራዋ ወንድም ሊያገባ ነው፣ የት ይሁን የሚል ክርክር ተነስቷል። አክስቴ ቶሮንቶ ትላለች፤ ካናዳ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው በኢትዮጵያ ፓስፖርቱ ያለ ቪዛና ያለ ኦንላይን ፈቃድ ስለምታስገባ። ለእኛ ለስዊድኖቹም 7 ዶላር ነው። ዱባይ ያለው ግን «ለእኔስ?» ብሎ ጻፈ። ለአንድ ቀን ያህል ማንም መልስ አልሰጠም። ከዚያ አጎቴ «ናይሮቢ!» አለ። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ያለ ቪዛ መግባቱ የቆየ ስምምነት ነው። በስዊድንና በእንግሊዝ ፓስፖርት የምንሄደው ግን «ከቪዛ ነፃ» ተብለን በኦንላይን አመልክተን 30 ዶላር እንከፍላለን። የዱባዩ ልጅ ረጅም የሳቅ ምልክት ደርድሮ «ፎርሙን ስትሞሉ ካስቸገራችሁ ደውሉልኝ» ብሎ ጻፈልን።